በሁዳዴ የተሞላው ቅጽ

ሥራዬ ማሽተት ነበር። የቅጥር ደብዳቤዬ «የአካባቢ ጤና ተቆጣጣሪ» ይላል፤ በተግባር ግን ጉለሌ ውስጥ አንድ ሰው ወይም አንድ ማኅበር ዳቦ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ጋራዥ ልሥራ ብሎ ሲያመለክት፣ የግንባታ ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ቦታው ድረስ ሄጄ ያየሁትንና ያሸተትኩትን አንድ ገጽ ቅጽ ላይ የምሞላ ሰው ነበርኩ። ቅጹ አምስት ጥያቄዎች ነበሩት። ሽታ አለው ወይ? ጭስ አለው ወይ? ሁካታ አለው ወይ? ፍሳሹ ወደ መጠጥ ውኃ ይደርሳል ወይ? ጎረቤት ተጠይቋል ወይ? ከእያንዳንዱ ጥያቄ ፊት ለፊት የተተወው ክፍት ቦታ ከአንድ ቃል በላይ አያስገባም። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው እንደኔ ያሉትን ሠራተኞች ጠባይ ሳያውቅ አልቀረም።

አራቱን በአሉታ፣ አምስተኛውን በአዎንታ ከሞላሁ ጉዳዩ እዚያው ላይ ያልቃል። ከአራቱ በአንዱ እንኳ «አዎ» ካልኩ ግን ዝርዝር ጥናት ያስፈልገዋል ማለት ነው። ዝርዝር ጥናቱን የምጽፈው ደግሞ እኔው ነኝ፤ ሦስት ገጽ፣ በካርቦን በሦስት ቅጂ። በሁለት ዓመት አገልግሎቴ ይህን ያደረግሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ አለቃዬ ቢሮው ጠርቶኝ፣ «አንተ ልጅ፣ ከምርት ዘመቻው ጋር ጠብ አለህ እንዴ?» አለኝ። ሳይቆጣ ነው ያለኝ። በዚያ ዘመን ሳይቆጡ የሚናገሩ ሰዎች ከሚቆጡት ይልቅ ያስፈሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጉለሌ ውስጥ የሚሸት ነገር ጠፋ።

ነገሩ የተጀመረው በሁዳዴ አጋማሽ ላይ ነው። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ ቀበሌ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የቆዳ መጋዘን እንዲሠራ የግንባታ ፈቃድ ጠየቀ። ማኅበሩ ከጥምቀት ወዲህ በጊዜያዊ የቆርቆሮ ዳስ ሥር ቆዳ ከየቤቱና ከየሥጋ ቤቱ እየሰበሰበ፣ ጨው እየነሰነሰ ያከማች ነበር። አሁን በድንጋይ ግንብና በሲሚንቶ ወለል ሊያደርገው ነው። መመርመር ያለብኝ ይህንን ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ዳሱ ውስጥ ገብቼ በደንብ አሸተትኩ፤ በዚህ በኩል አልታማም። ጥግ ላይ እንደ ሳንቃ የደረቁ ሦስት አራት የበግ ቆዳዎች ተደርድረዋል። ወለሉ ተጠርጓል። ዳሱን ትጠብቅ የነበረችው ሴት ወንበሯ ላይ ሆና ጥጥ ትፈትላለች። ሽታ የለም። ጭስ የለም። ሁካታ ቢባል የእንዝርቷ ድምፅ ነው። ፍሳሽ እንዳልፈልግ ምድሪቱ ውኃ ካየች ወራት አልፈዋታል። ከዳሱ ወጥቼ ከጎረቤት አጥር ሥር ባለ ጥላ ቆምኩና ቅጹን ሞላሁ። አምስተኛው ጥያቄ ላይ «አዎ» ብዬ ፈረምኩ። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም።

ያልታየኝ ነገር ቢኖር ወሩ ነው። በሁዳዴ ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ ከብት የሚያርድ ካለ የእስላም ቤት ነው፤ በዚያ ሰፈር ደግሞ ብዙ አልነበሩም። እኔ ራሴ ጿሚ ነኝ። አብዮታዊ ሠራተኛ ተብዬ ጓድ እየተባልኩ፣ መሥሪያ ቤት ሳልናገር ሁዳዴን አንድ ቀን ሳላጎድል እጾም ነበር። እንግዲህ ሥጋ የማይበላ ሰው፣ ሥጋ በማይበላበት ወር፣ የቆዳ መጋዘን ሽታ ሊመረምር ሄደ፤ ንጹሕ ሆኖ አገኘው፤ ምንም አልደነቀውም።

ቅጹ በደንቡ መሠረት ቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጠፈ። የሚለጠፈው ማንም እንደማያነበው ስለሚታወቅ ነው። አንድ ሰው ግን አነበበው።

እኚህ ሰው ከዳሱ አጥር ለአጥር የሚኖሩ፣ ከወሎ የመጡ የእስላም ባልቴት ናቸው። አጥራቸው በር ላይ ዘይት፣ ምስር፣ ሳሙናና ክብሪት የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። ግቢያቸው ውስጥ ሟቹ ባለቤታቸው የቆፈሩት የውኃ ጉድጓድ ነበር። የሰፈሩ ቦኖ በሳምንት ሦስት ቀን ጭል ጭል ይላል፤ በቀረው ጊዜ እስላሙም ክርስቲያኑም ባልዲውን ይዞ እሳቸው ግቢ ይገባል። ማንንም ከልክለው አያውቁም። ፊደል የቆጠሩት በዚያን ሰሞን በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የምስክር ወረቀታቸውን ሱቃቸው ውስጥ ከሳሙናው በላይ ሰቅለውታል። ከማስተማሪያው መጽሐፍ ውጭ ከላይ እስከ ታች ያነበቡት የመጀመሪያው ጽሑፍ የኔ ቅጽ መሆኑን በኋላ ራሳቸው ነግረውኛል። እኔን ብሎ ደራሲ።

ባልቴቲቱ ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ከሰሱ። እንዲህ ያለ ክስ መቅረቡን ሰው ለማመን ጊዜ ወሰደበት። ሸንጎው የለመደው የአጥር ጠብ፣ የስድብና የዶሮ ነገር ነው። ገና ግንቡ ያልቆመ መጋዘን፣ ገና ባላደረሰው ጉዳት፣ ለዚያውም መጋዘኑ ሳይሆን ቅጹ ሲከሰስ አይቶ አያውቅም። ቢሆንም ማኅተም አርፎበት ገባና በሁለተኛው እሑድ እኔም ተጠርቼ ቀረብኩ።

የሸንጎው ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ የጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ፤ ረጋ ያሉ፣ የሰው ነገር የሚሰሙ። ባልቴቲቱ በነጠላቸው የሸፈኑትን ጆግ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ብርጭቆ አወጡ።

«ቅመሱልኝ» አሉ።

ሰብሳቢው ቀመሱ። ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሁለቱ ዳኞችም ቀመሱ፤ አንደኛው ደገመ።

«ጥሩ ውኃ ነው» አሉ ሰብሳቢው። «ከቦኖው ይሻላል።»

«አዎ፣ ጋሼ። እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው።» ጓድ ማለት አፋቸው አልለምድ ብሎ ሸንጎውን ሁሉ ጋሼ ነው ያሉት።

«ታዲያ ምኑ ነው የሚከሰሰው? ውኃው ደህና ነው።»

«ደህና ሳለ ነዋ የምከሰው። ክረምት ሲገባ ያ የጨው ውኃ በየት ነው የሚሄደው? ዳሱ ከላይ ነው፤ ጉድጓዴ ከታች ነው። ይኼ ልጅ የመጣው ሰማዩ ደረቅ፣ እናንተ ጿሚ በሆናችሁበት ነው። ፋሲካን ይጠብቁና ያሽትቱት።»

«እናቴ፣ ሕግ ገና ባልመጣ ነገር አይፈርድም። ውኃው የተበላሸ ቀን ይምጡ፤ ያኔ እናያለን።»

«የተበላሸ ቀንማ ሸንጎ ምን ያደርግልኛል፣ ጋሼ? ያን ቀን የምፈልገው ውኃ ነው።»

ሰብሳቢው ይህ ነገር የከበዳቸው መሰለኝ። ወደኔ ዞሩ። «ጓድ ተቆጣጣሪ፣ እዚህ ላይ ጎረቤት ተጠይቋል ይላል። እኚህን እናት ጠይቀሃቸዋል?»

አልጠየቅኋቸውም። ከዚያ ቀን በፊት አይቻቸውም አላውቅ። ግን አለቃዬ ታወሰኝ፤ ዝርዝር ጥናቱ ታወሰኝ፤ ማኅበሩን ወክሎ ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን ሰው አየሁት። በመጨረሻ፣ «በቅጹ ላይ እንደተገለጸው ነው» አልኩ።

ይህን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ውሸት ነው እንዳይባል ቅጹ ላይ ተገልጿል። እውነት ነው እንዳይባል ደግሞ ውሸት ነው። ሸንጎው ጉዳት ያልደረሰ በመሆኑ ክሱን አልቀበልም ብሎ ወሰነ። ግንባታው በማግሥቱ ተጀመረ።

ስንወጣ ባልቴቲቱ በር ላይ ጠበቁኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር።

«ልጄ፣ መቼ ነው የጠየቅኸኝ?» አሉ። «እድሜዬ ሄዷል፤ ረስቼው ይሆናል።»

አሽሙር መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አሽሙር አልነበረም። የመንግሥት ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር ውሸት ሊሆን ይችላል ብለው ከማሰብ ይልቅ የራሳቸውን ጭንቅላት መጠርጠር ቀሏቸዋል። አፈርኩ። ጥድፊያ እንዳለበት ሰው ሰዓቴን አየሁና፣ «ሥራ ይበዛል፣ እናቴ» ብዬ ሄድኩ።

ፋሲካ መጣ። የፋሲካ ለት በግና በሬ ያላረደ ቢኖር ያልቻለ ብቻ ነው፤ ቆዳው ሁሉ ደግሞ ወደዚያ ዳስ ተጋዘ። በማግሥቱ የሆነ ጉዳይ ፈጥሬ በዚያ በኩል አለፍኩ። ከአውቶቡስ ሳልወርድ አወቅሁት። ዳሱ ሞልቶ እርጥብ ቆዳ እስከ አጥሩ ድረስ ተከምሯል፤ ያቺ ጥጥ የምትፈትል ሴት ወንበሯን ይዛ መንገድ ተሻግራ ተቀምጣለች፤ አፍንጫዋ በነጠላ ተጠምጥሟል። አየችኝና በአገጯ ወደ ዳሱ አመለከተችኝ። እጅ ነሥቼ አለፍኩ።

በዚያው ሳምንት ባልቴቲቱ ከቀበሌው በላይ ወዳለው፣ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ሸንጎ ይግባኝ አሉ። ጠበቃ የላቸው፣ አቤቱታ የሚያዘጋጅላቸው ራፖር ጸሐፊ የላቸው፤ ራሳቸው በደብተር ወረቀት ላይ፣ አንዱ ፊደል የአውራ ጣት ጥፍር እያከለ ጻፉት። ይግባኙ በሽታው ላይ አልነበረም፤ በውኃውም ላይ አልነበረም። ሸንጎ በገዛ ምላሱ ያልቀመሰውን ጉዳት እንደማይሰማ ተምረዋል። የያዙት አምስተኛውን ጥያቄ ብቻ ነው። «ቅጹ ተጠይቃለች ይላል። እኔ አልተጠየቅሁም። ከሁለታችን አንዳችን እንዋሻለን። ይጣራልኝ።» ብዙ የሕግ ጽሑፍ አንብቤያለሁ፤ እንደዚያ ያለ አጭርና መውጫ የሌለው አላየሁም።

መጥሪያው ደረሰኝ። የሐሰት ሰነድ ማዘጋጀት በደህና ጊዜም ከሥራ ያስወጣል፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ አይታወቅም ነበር። እንደገና «በቅጹ ላይ እንደተገለጸው» ለማለት ተዘጋጅቼ ሄድኩ፤ እንዲያውም መንገድ ላይ እየደጋገምኩ አጠናሁት። እዚያ ስገባ ባልቴቲቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ወደ ጎን ተጠጉና ቦታ ለቀቁልኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

የከፍተኛው ሰብሳቢ ብዙ ጉዳይ ያለበት ሰው ነበር። ቀና እንኳ ሳይል፣ «ጠይቀሃል፣ አልጠየቅህም?» አለኝ።

«አልጠየቅሁም።»

ቀና አለ። እኔም እንደሱ ገረመኝ። ልዋሽ ብልም ያጠናሁት ነገር ጠፍቶብኛል። ያሰብኩት ነገር አንዱም አልደረሰብኝም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠኝና በመሥሪያ ቤታችን የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ላይ ቆሜ ራሴን ወቀስኩ። አምርሮ የሂስ ዱላውን ያወረደብኝ፣ እሱ ራሱ ቅጹን ቢሮው ተቀምጦ የሚሞላው የሥራ ባልደረባዬ ነበር።

ይግባኙ ተፈረደላቸው። ምርመራው ጎደሎ በመሆኑ ፈቃዱ ተሰርዞ፣ ከብት በሚታረድበትና ዝናብ በሚዘንብበት ወቅት እንደገና እንዲመረመር፤ እስከዚያው ግንባታው እንዲታገድ ተወሰነ። ፍርዱ ሲነበብ ባልቴቲቱ ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። እኔም ደስ አለኝ። ግንቡ ጉልበት ላይ ሲደርስ ቆመ።

ቆዳው ግን አልቆመም። ውሳኔው የሚለው ግንባታ ይታገድ ነው፤ ቆዳ ማከማቸት ግንባታ አይደለም። ማኅበሩ ይህን ለመረዳት ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ባልቴቲቱ ሁለት ጊዜ ከፍተኛው ድረስ ተመላልሰው ጠየቁ፤ በይግባኙ ላይ ስላልተጠቀሰ አዲስ ክስ ይዘው ይምጡ ተባሉ። አዲሱን ክስ እስኪጽፉ ሰኔ ገባ። እኔም ዝናብ መጠበቅ ያዝኩ። ቀጠሮዬ ከዝናቡ ጋር ነበር፤ ጉዳት ይደርስ አይደርስ እንደሆነ ለመመርመር ጉዳቱ እስኪደርስ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ ማለት ነው። ይህን ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ። «ውሳኔውን አክብር» አለኝ፤ አሁንም ሳይቆጣ።

ሐምሌ ላይ፣ ዶፍ በሚጥልበት ቀን ሄድኩ። ከዳሱ የሚወጣው ውኃ ደም ደም የሚል፣ ላዩ ላይ ጮማ የሚንሳፈፍበት ነው። ከዳሱ ጀምሬ ቦዩን እየተከተልኩ ወረድኩ፤ ባልቴቲቱ አጥር ሥር ሲደርስ መሬት ውስጥ ሰረገ። ግቢያቸው ገብቼ ከጉድጓዱ አንድ ባልዲ ቀዳን። ቀመስኩት። ጨው ነው፤ ከጨውም በላይ ሌላ ነገር አለበት። ጎረቤቶቹ ባልዲያቸውን ይዘው መምጣት ካቆሙ ሁለት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ባልቴቲቱ ለሶላት መታጠቢያ፣ ለውዱእ እንኳ የሚሆናቸውን ውኃ ከቦኖ እያስቀዱ ነው። ሦስት ገጹን በዚያው ሌሊት ሳልተኛ ጻፍኩት አልልም፤ በማግሥቱ ጠዋት ቁጭ ብዬ በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት፤ በሦስት ቅጂ፣ አንድ ቃል ሳላሳጥር። በነሐሴ መጨረሻ ከፍተኛው ሸንጎ አዲሱን ክሳቸውን ተቀብሎ ቆዳው እንዲነሣ ወሰነ፤ ማኅበሩም ዳሱን አፍርሶ ቆዳውን ከሰው ወደራቀ ሜዳ፣ ወደ ሸጎሌ ዳርቻ ወሰደ።

በመስከረም የውሳኔውን ግልባጭ ላደርስላቸው ሄድኩ። መላክ ይቻል ነበር፤ እኔ ራሴ ልውሰደው አልኩ። ሱቃቸውን ዘግተው ቤት አስገቡኝ። ላንብብልዎ ስላቸው እምቢ ብለው ተቀበሉኝና ጣታቸውን ከየቃሉ ሥር እያስኬዱ ቀስ ብለው አነበቡት። ማኅተሙ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር፣ ወረቀቱን እያዞሩ አነበቡ። ረትተዋል። ክሳቸው በሙሉ ተቀባይነት አግኝቷል። ጉድጓዱ በሳንቃ ተከድኖ ላዩ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት ከበሩ ይታየኛል።

ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ። «ለሸንጎ አይደለም፤ ለራሴ ነው። ያን ቀን አጥሬ ሥር ቆመህ ስትጽፍ አይቼሃለሁ። በሬ ክፍት ነበር። ለምን አልገባህም?»

ሰነፍ ሆኜ ነው ልል አሰብኩ፤ እሱም እውነት ነው። ግን ዋናው ሌላ ነበር፤ ለሰው ሲነገር የሚያሳፍር ትንሽ ነገር ስለሆነ ለሸንጎም፣ ለስብሰባውም አልተናገርኩትም።

«ጾም ነበር» አልኳቸው። «እኔ ደግሞ እጾማለሁ። ሱቁ በር ላይ የተለጠፈውን የዐረብኛ ጽሑፍ አይቼ የእስላም ቤት መሆኑን አወቅሁ። ከገባሁ ባዶ አፌን አይሸኙኝም፤ ወተት ያለበት ሻይ ወይ ሥጋ ያለበት ነገር ያቀርባሉ። እምቢ ስል ደግሞ ንቆ ነው ይሉኛል፣ ይቀየሙኛል ብዬ ፈራሁ። በቃ፣ ለዚህ ነው።»

ባልቴቲቱ የተቆጡ አልመሰለኝም።

«ሁዳዴ መሆኑንማ አጣሁት?» አሉ። «ምስርና ዘይት ነጋዴ ነኝ እኮ። ከናንተ በፊት እኔ ነኝ የምቆጥረው። ጎረቤቶቼ ሁሉ ጿሚ አይደሉ? ለነሱ ብዬ በጾም የማልነካካው ድስት አለኝ።» ወረቀቱን ወደ ጎን አደረጉና፣ «ያን ቀን ምስር ሠርቼ ነበር» አሉ። «ስትጽፍ አየሁህና ይኼ ልጅ ሲጨርስ ይገባል ብዬ ሳህን አወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆንልህ ቁጭ ብለህ ታወራኝ ነበር። የፋሲካውን ቆዳም፣ የክረምቱንም ነገር፣ ሁሉን ነገር እነግርህ ነበር። ጠበቅሁህ። ኋላ ሳይህ ወረቀትህን አጥፈህ ሄደሃል።»